ከማጣሪያው በፊት

የቆዳ ፋብሪካው ሳይረን ከዓመታት ዝምታ በኋላ ሲጮህ ሃቦኔ ከወንዙ ዳር ካሮት ታጥብ ነበር። ዘንቢሉን እዚያው ጥላ ሮጠች። አምቦ ሁሉ ይሮጣል፤ ባጃጆች ጥሩምባ ይነፋሉ፣ ሴቶች እልል ይላሉ።

በፋብሪካው በር ላይ ባሏ ቶኩማ አዲስ ሰማያዊ ቱታ ለብሶ እንደ ሙሽራ ይስቃል። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ የቀን ሥራ ሲለምን የኖረ ሰው ነው።

«ሰኞ እንገባለን! ያውም እኔ የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ!»

«ኧረ ቶኩማ!» ዘላ አቀፈችው።

የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያው አቶ ደግፌ ድምፅ ማጉያውን ያዙ። «ፍሳሽ ሳይጣራ እንዳይለቀቅ የሚያዘው ሕግ አልተሻረም፤ ለባለሀብቱ ጊዜ ተሰጥቶት ነው። የፍሳሽ ማጣሪያ ገንዳው በሦስት ዓመት ውስጥ ይሠራል።»

«እስከዚያስ ፍሳሹ የት ይሄዳል?» አለች ሃቦኔ።

«ለጊዜው ወደ ወንዙ።»

«ከዚያ ወንዝ እኮ ነው የምንጠጣው!»

«እህቴ፣ ባለሀብቱ ላይ ብናጠብቅበት ሌላ ከተማ ይሄዳል። ሥራ ያጣ ከተማ ምን አቅም አለው?»

«ፍሳሹ በላይኛው የሀብታሞች ሰፈር ቢያልፍ ኖሮ ሦስት ዓመት ትሰጡት ነበር?»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። «እነሱማ በየግቢያቸው ጉድጓድ አላቸው! ደግሞ ሽቅብ የሚፈስ ውኃ የት አየሽ?»

«ሃቦኔ፣ ዛሬን እንኳ ተይኝ» አላት ቶኩማ በጆሮዋ።

የሰፈሩ መራቂ ሽማግሌ ኦቦ ጅሩ ለምለም ሳር ይዘው ተነሡ። በእሳቸው ምርቃት አንድ ሰው እንኳ «ሃ ታኡ»፣ ይሁን፣ ሳይል ከቀረ ወደ ቀጣዩ ቃል አያልፉም።

«በሩ አይዘጋ!»

«ሃ ታኡ!»

«ልጆቻችን እንጀራ ያግኙ!»

«ሃ ታኡ!» የሃቦኔ ድምፅ ከሁሉም ጎላ።

«ዛሬ የተባለው ይጽና!»

«ሃ ታኡ!»

ሃቦኔ ዝም አለች። ሽማግሌው ዞረው አዩዋትና ቃሉን ደገሙት።

«በይ እንጂ!» ቶኩማ በክንዱ ጎሸም አደረጋት። «ቱታውን ልታስወልቂኝ ነው?»

«ገንዳው ይቅደም ይበሉ፤ ያኔ መቶ ጊዜ እላለሁ!»

ፉጨቱና ቁጣው ተደበላለቀ። «እንጀራችንን ልትዘጋ ነው!» አለ አንዱ።

ቶኩማ ዞሮ ወንዙን አየ። ፋብሪካው ከመዘጋቱ በፊት ቆዳ የተነከረበትን ውኃ ወደ ወንዙ ሲለቅ የኖረው እሱ ራሱ ነበር፤ ሽታው አይጠፋውም።

ኦቦ ጅሩ ሳሩን ከፍ አደረጉ። «ዛሬ የተባለው ይጽና!»

«ሃ ታኡ!» አለ ሕዝቡ።

ቶኩማ አፉን ከፈተ፤ ሚስቱን አየና መልሶ ገጠመው።