አራሷ አትነሳም

እኔ ጎሚስታው ቶሎሳ፣ ጉለሌን በሙሉ በአንድ ሳህን ገንፎ ከወታደር አስጥያለሁ። እሺ፣ ጉለሌን በሙሉ ባይሆን ቤቴን። ቤቴ ደግሞ ከጉለሌ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ታየች ያለችበት ነዋ!

ስልሳ ዘጠኝ ነው፣ የአሰሳው ሰሞን። ከቤት መውጣት ተከልክሏል። ወታደርና የቀበሌ ሰው ከቁስቋም ቁልቁል ቤት ለቤት እየበረበረ ይመጣል። ሚስቴ ታየች ከተገላገለች ገና ሳምንቷ ነው፤ ልጄ ሲወለድ ጺም ለማብቀል ትንሽ ነበር የቀረው። እሷ የተኛችበት አልጋ ስር ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ዓምሃ ሲሚንቶው ላይ ተለጥፏል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ወረቀት በትነሃል ተብሎ ይፈለጋል። ከተያዘ እንደማይመለስ ሦስታችንም እናውቃለን።

ጎረቤት ሴቶች መምጣት ስላልቻሉ ገንፎውን ያገነፋሁት እኔ ነኝ። መሀሉ ላይ የቆፈርኩት የቅቤ ጉድጓድ ዳክዬ ያዋኛል።

«ይሄ ገንፎ ነው ድንጋይ?» አለች ታየች።

«ቤተ መንግሥት ቢቀምሱት ይወስዱኝ ነበር!»

«ምነው በወሰዱህ!»

ከአልጋው ስር የታፈነ ሳቅ ተሰማ። «አንተ ደግሞ ዝም በል!» ብላ ፍራሹን በተረከዟ መታችው።

ወዲያው በሩ ተደበደበ። ፊት ፊት የገባው የቀበሌው ጓድ መዝገቡ ነው፤ ሽጉጡን እንደ መስቀል ወደ ፊት ዘርግቷል። ከኋላው ጸጉሩ ሸበት ያለ አምሳ አለቃ ገባ። ሕፃኑን ሲያይ ቆቡን አወለቀ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

«ጓድ ይገዙ! ሥራ ላይ ነን!» አለ መዝገቡ።

«አፌ ለምዶብኝ ነው።»

ሳጥኑን ገለበጡ፤ ማድጋውን ሳይቀር አዩ። ከዚያ መዝገቡ ወደ አልጋው ዞረ።

«አራሷ ትነሳ! ስሩ ይታያል።»

ቶሎሳ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ የሚል ካለ ውሸቱን ነው፤ የተንቀጠቀጠው መሬቱ ነው።

«አትነሳም» አለ ይገዙ።

«አብዮት አራስ አያውቅም!»

«እኔ አውቃለሁ። ሰሜን ሳለን አንዲት ባልቴት ታማ ከተኛችበት አልጋ ጎትተን አውርደን ፈተሽን። ምንም አላገኘንም። በማግስቱ ግን የመንደሩ ጎረምሳ ሁሉ በረሃ ወረደ። ጠላት ልንለቅም ሄደን ጠላት ዘርተን ተመለስን። ፈትሽ ከተባልኩ እፈትሻለሁ፤ ተንበርክኬ አየዋለሁ። ሴትየዋን ግን ማንም አይነካትም።»

«ለበላይ ነው የምናገረው!»

«ተናገር። እስከዚያው ግቢውን እይ።»

መዝገቡ እየተነጫነጨ ወጣ። ይገዙ ጠመንጃውን ይዞ ተንበረከከ፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አልጋው ስር አየ። ቆየ። ታየች ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ እንኳ፣ አንበሳው፣ የማውቀውን ታቦት ሁሉ ጠርቼ ጨርሼ የጎረቤት ሰፈር ታቦት ጀምሬ ነበር።

«እጅህን አሳየኝ» አለ ይገዙ ወደ ታች፣ በሹክሹክታ። «ሁለቱንም።»

አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሳ።

«አምሳ አለቃ! አልጋው ስርስ?» ሲል መዝገቡ ከግቢ ጮኸ።

«እኔው ራሴ አይቻለሁ! ጨርሰናል!»

ምላሴ ሲፈታልኝ ያወጣሁት ቃል «ገንፎ ይቅመሱ!» የሚል ሆነ። ቆሞ አንድ ጎረሰ። አላመጠ፤ እንደገና አላመጠ። በጦር ሜዳ ያሳየው ጀግንነት ከዚህ እንደማይበልጥ እምላለሁ።

«ማነው ያገነፋው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ሁለተኛ እንዳትደግመው» አለና ወደ ታየች ጎንበስ አለ። «እህቴ፣ ሲሚንቶው ይበርዳል፤ የሆነ ነገር አንጥፊበት። መሣሪያ ይዞ ባገኘው ኖሮ ግን አልተወውም ነበር። ይህንንም ንገሪው።»

ቆቡን አድርጎ ወጣ። ታየች የልጁን ግንባር ሳመች። እንባዋ ወረደ።

የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ሾዴ የሠራልኝን፣ ንጉሥ ቢያየው የሚቀናበትን ጋቢዬን ከትከሻዬ አውርጄ አልጋው ስር ሰደድኩት። የዓምሃ እጅ ጋቢውን ትቶ የእኔን ጣቶች ያዘ። የወታደሮቹ ጫማ ወደ ታችኛው ሰፈር ወርዶ እስኪጠፋ ድረስ ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ ቆየሁ። ዓምሃ እጄን አልለቀቀም፤ እኔም አላስለቀቅኩትም።