ከወለሉ ሥር ያለው ባለ ረጅም ጆሮ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የያዘችውን ትንሽ መጽሐፍ ገልጬ አየሁ፤ እስከ ስድስት ሰዓት አይሞላም። ዳቦ ቆርጬ ጨው ያለበት ቅቤ ቀባሁ። ሳህኑን አጠብሁ። የሥራ ሱሪዬን ለበስሁ። ልጄ ኤኖራ ገና አልተነሣችም፤ ዩኒቨርሲቲው ለበጋ ከተዘጋ ጀምሮ እስከ ሦስት ሰዓት ትተኛለች። ከዚያ ደጅ ላይ ሳል ሰማሁ። የባሌ አባት ጉልቨን አያንኳኩም፤ ይስሉና ይገባሉ።

«ዛሬም አልተዋችኋትም?»

«አልተውናትም፣ አባባ።»

«ያረጀ ጀልባ ጭቃው ላይ ይተዋል። እዚያው በክብሩ ይፈርሳል። እናንተ ግን ሬሳ ትኩላላችሁ።»

ይህን ብለው ኮታቸውን አወለቁና ብሩሽ አነሡ። ለሁለት ወር በየጠዋቱ ያሉት ይህንኑ ነበር፤ በየጠዋቱም ብሩሽ ያነሡ ነበር።

ጀልባዋ ካቴል ትባላለች። ባሌ ቱዱአል ሆስፒታል ውስጥ ካረፈ ጀምሮ ስድስት ዓመት ከመጋዘኑ ጀርባ እሾህ በቅሎባት ቆየች። እኔና ኤኖራ እሾሁን ቆርጠን አወጣናት። የቸኮልሁበት ምክንያት አለ። ከወደባችን አፍ ላይ ውኃ የሚሸፍናቸው ሦስት ድንጋዮች አሉ፤ ከቤተሰባችን በመካከላቸው ማለፍን የሚያውቁት ጉልቨን ብቻ ናቸው። ዐይናቸው እየደከመ ነው። ሐኪሙ ማየታቸው እስከሚመጣው ዓመት አይቆይም ብሏል። ኤኖራ መንገዱን ከእጃቸው እንድትማር ከተፈለገ፣ በዚህ በጋ መሆን አለበት።

ጉልቨን በነሐሴው ትልቅ የባሕር ሙላት አንድ ቀን አብረውን ሊወጡ ቃል ገቡ፤ በሁለት ቅድመ ሁኔታ። አንደኛው፣ በጠመኔ ምልክት ያደረጉባቸው ሳንቃዎች በሙሉ እንዲቀየሩ። ሁለተኛው፣ ጀልባዋ ላይ የዚያ እንስሳ ስም እንዳይጠራ።

ያ እንስሳ ጥንቸል ነው። ወረቀት ላይ ብጽፈው ጉዳት የለውም፤ ጀልባ ላይ ግን እኛ የብሪታኒ ጠረፍ ሰዎች «ባለ ረጅም ጆሮው» እንላለን፣ እሱንም ከጨነቀን ነው። ድሮ በመርከብ ሲጫን ገመዱንና በሳንቃዎቹ መገጣጠሚያ የተጠቀጠቀውን ቃጫ እየበላ መርከብ አስጥሟል ይባላል። ጉልቨን አንድ ጊዜ ሚስታቸው ሶአዚግ ለምሳ የያዙት ምን እንደሆነ ጀልባው ላይ ሲሰሙ፣ ከነማሰሮው ባሕር ውስጥ ወረወሩት። ቱዱአል ደግሞ ገመድ ሊያስር ጎንበስ ሲል ቃሉን በጆሮዬ ያንሾካሹክልኝ ነበር። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ሩቅ ሩቁን አያለሁ።

በዚያ ጠዋት ጉልቨን ውጭውን ሲቀቡ እኔ ከመሪው አጠገብ ያለውን የወለል ጣውላ አነሣሁ። ምልክት ካለባቸው ሳንቃዎች የቀረችው ከሥሩ ያለችው ብቻ ነበረች። መሮውን ላሳርፍ ስል እንጨቱ ላይ የተቀረጸ ነገር አየሁ። ሁለት ጆሮ፤ አንዱ ካንዱ ይረዝማል። የሰባ ቂጥ። ከሥሩ «ቱዱአል፣ ዐሥር ዓመት» ይላል።

ጉልቨን ሌላ ቀለም ሊያመጡ ወደ መጋዘኑ እስኪሄዱ ጠብቄ ኤኖራን ጠራኋት።

«እማ! ይሄ የአባዬ ሥራ ነው?»

«ቀስ በይ።»

«አባዬ ሲሞት አርባ አምስት ዓመቱ ነበር…» በጣቷ ቆጠረች። «ሠላሳ አምስት ዓመት! ከአያቴ ተረከዝ ሥር!»

አፋችንን ይዘን ሳቅን። መቆም አቅቶን ተቀመጥን። ከዚያ መሮውን ወደ ሳጥኑ መለስሁት።

የሳንቃዋ ጠርዝ በስብሶ በጥፍር ይፋቅ ነበር። ቃጫ ጠቀጠቅሁባት፣ ሬንጅ አፈሰስሁባት፣ ከውጭ ሁለት ጊዜ ቀለም ቀባኋት።

«ያቺ በመሪው በኩል ያለችውስ?» አሉ ጉልቨን በማግስቱ።

«ተቀይራለች።»

ጎንበስ ብለው አሸተቱ። «የድሮ ትሸታለች።»

«አያቴ፣ አፍንጫህም እኮ አርጅቷል» አለች ኤኖራ።

«ይሄ አፍንጫ ያንቺን ሽቶ ከመንገድ ማዶ ይለያል።»

እኔ ሬንጅ የነካው እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ። አራት ዓመት ታሪክ የተማርሁ ሰው ነኝ፤ ሰነድ መደበቅ ነውር መሆኑን አስተምረውኛል።

በነሐሴው ሙላት ቀን ነፋሱ ልከኛ ነበር። ጉልቨን መሪውን ያዙ፤ ኤኖራ እጇን ከእጃቸው ሥር አደረገች። የመጀመሪያውን ድንጋይ አለፍን። ሁለተኛውን አለፍን።

«እማ፣ እግሬ ረጠበ» አለች ኤኖራ።

«ሞገዱ ረጭቶሽ ነው።»

«ካልሲዬ ውስጥ ገብቶ?»

«ደርቃ የቆየች ጀልባ ትንሽ ታስገባለች» አሉ ጉልቨን። «እንጨቱ ጠጥቶ እስኪያብጥ ነው።» ነገር ግን ውኃው ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ። መሪውን ለኤኖራ ለቀቁላትና ጎንበስ አሉ። እኔ ቀድሜ ጣውላው ላይ ተቀመጥሁ።

«ተነሺ።»

«ተመችቶኛል፣ አባባ።»

«ልጄ፣ ውኃ ውስጥ ነው የተቀመጥሽው።»

«ይቀዘቅዛል፤ ግን ደስ ይላል።»

«ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ይሄን ነው? ተነሺ!»

ተነሣሁ። ጣውላውን አነሡ። ዐይናቸው አልያዘላቸው ሲል በጣታቸው ዳሰሱ፤ አንዱን ጆሮ፣ ሌላውን ጆሮ፣ ቂጡን፣ ከዚያ ፊደሎቹን አንድ በአንድ። እኔ በባልዲ ውኃ እየቀዳሁ እጠብቃለሁ። ወደ ወደቡ መልሰውን ሁለተኛ ጀልባዋን እንደማይረግጧት እርግጠኛ ነበርሁ፤ ውሸቴም ከነቃጫው ተጋልጧል።

«ጥንቸል» አሉ ጮክ ብለው።

«አያቴ! አልከው!»

«ታዲያ ምን ልበለው? ዶሮ?»

የሱፍ ቆባቸውን አወለቁ። ውኃው የሚገባበት ስንጥቅ ውስጥ ወሸቁትና በተረከዛቸው ረገጡት።

«ሠላሳ አምስት ዓመት» አሉ። «አንድ ቀን አላሰጠመንም። ያ ባለጌ ልጄ የሞተው መሬት ላይ ነው።»

ባልዲውን ወደ ባሕሩ ገለበጥሁ። ሸራው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ትከሻቸው ሲናወጥ አየሁና ደነገጥሁ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«የሶአዚግ ማሰሮ በከንቱ ሄደ!»

«እንመለስ ይሆን፣ አባባ?» አልሁ።

«ለምን? አንቺ ቅጂ። እኔ ከዚህ ቆብ ላይ እግሬን ካነሣሁ እንሰጥማለን። ኤኖራ፣ መሪው ያንቺ ነው።»

«ብቻዬን?»

«ሦስተኛው ድንጋይ በግራሽ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጫፍ ከነጩ ቤት ጭስ ማውጫ ጋር እስኪገጥም ቀጥ በይ፤ ሲገጥም ታዞሪያለሽ። እኔ አላየውም፤ አንቺ ንገሪኝ።»

ኤኖራ ምላሷን ነክሳ ጠበቀች። «ገጠመ» አለች። አዞረች። ድንጋዩን በስተግራችን አለፍነው።

ወደቡ ስንመለስ ሶአዚግ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ልጃቸው ሥዕል ነው። ሁለተኛ፣ «ማሰሮዬስ?» አሉ።

በሳምንቱ ጉልቨን ያቺን ሳንቃ ራሳቸው ቆርጠው አወጡ። አዲሷን ፊት ለፊቴ አሸተቷት፤ ስለ ውሸቴ የተናገሩኝ ይኸው ብቻ ነው። ሥዕሉ ያለበትን ቁራጭ የጀልባዋ የዳቦ ሳጥን ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ቸነከሩት። ቃሉ ግን ዳግመኛ ተከለከለ። «ያኔ ያልሁት አደጋ ስለነበር ነው» ይላሉ።

አሁን በየእሑዱ እንወጣለን። ሶአዚግ አዲሱን ማሰሮአቸውን ከመቀመጫው ጋር በገመድ ያስራሉ። ኤኖራ ሦስቱን ድንጋዮች ማንም ሳይነግራት ታልፋለች። ዳቦው አለ፤ ሸራው አለ፤ የዳቦ ሳጥኑን በከፈትሁ ቁጥር ባለ ረጅም ጆሮው አለ። ገመድ ሊያስር ጎንበስ ብሎ ቃሉን በጆሮዬ የሚያንሾካሹክልኝ የለም።