ከአውሮፕላን የተነቀለው ሬዲዮ

ባህሩ ሬዲዮውን እንድጠግንለት መኪና የላከልኝ ሰሊጡ ለአጨዳ በደረሰበት ሳምንት ነው። ከኮኪት ከተማ ማዶ ያለው እርሻው የስልክ ኔትወርክ አይደርሰውም። የዚያ አካባቢ ባለሀብቶች የሚነጋገሩት በሬዲዮ ነው፤ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንዱ ሲናገር ሁሉም ይሰማል። ሰሊጥ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ ሳይታጨድ ከቆየ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል።

በገንዳ ውሃ ከተማ ሬዲዮና የውሃ ፓምፕ የምጠግን እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ነው። ባህሩ ይህን ያውቃል። የማን ሚስት እንደነበርሁ ግን አያውቅም።

ባሌ አንዱአምላክ የአየር ኃይል የሬዲዮ ቴክኒሽያን ነበር። የቀድሞው መንግሥት በወደቀበት ጦርነት የመጨረሻ ዓመት አንድ የጭነት አውሮፕላን ደመና ውስጥ ሳለ ሬዲዮው ዝም አለና ተራራ ላይ ወደቀ። ያኔ የመለዋወጫ ግምጃ ቤት ኃላፊ የነበረው ባህሩ፣ ደህናውን ዕቃ አውጥቶ አሮጌ የገጠመበት አንዱአምላክ ነው ብሎ መሰከረ። አንዱአምላክ ተረሸነ። እስር ቤት ሄጄ ባየሁት ጊዜ የነገረኝ ሌላ ነበር፤ ግምጃ ቤቱ ያረጁ ቫልቮችን፣ እነዚያን አምፖል የሚመስሉ የሬዲዮ ዕቃዎች፣ እያጠበ እንደ አዲስ ለቴክኒሽያኖቹ ያድል ነበር።

ይህን ለእንዳለው ነግሬዋለሁ። እንዳለው የዚያ አውሮፕላን ፓይለት ሆኖ የሞተው የለይኩን ወንድም ነው፤ እርሻው ከባህሩ እርሻ አጠገብ ነው። ለባልሽ አድልተሽ ነው አለኝ። እስከ ዛሬ የነፍሰ ገዳይ ሚስት ይለኛል። እንዲሰማ የምፈልገው እሱ ነበር፤ ከራሱ ከባህሩ አፍ።

ሬዲዮው በእርሻው ካምፕ፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ከትራክተር ባትሪ ጋር ተያይዞ ተቀምጧል። ከጦርነቱ በኋላ የአየር ኃይሉ አሮጌ አውሮፕላኖች ለብረታ ብረት ሲሸጡ ከአንዱ ነቅሎ እንዳስቀረው ባህሩ በኩራት ነገረኝ። ከፍቶ የሚዘጋለት ግን ካቦው፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ነው፤ የባህሩ ሥራ ማውራት ብቻ ነው። ካቦው አጫጆቹን ሊያሰማራ ወጥቶ ነበር።

የተቃጠለውን ቫልቭ ቀየርሁ። የጠዋቱ ጭውውት ሲጀመር እንዳለው ስለ ጆንያ ሲጠይቅ ሰማሁት። ያን ጊዜ ማብሪያውን ወደ መላኪያ አዞርሁ። ይህ ሬዲዮ እየላከ አይቀበልም፤ ድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ። ለባህሩ ጥቂት ይሙቅ አልሁትና ማይክሮፎኑን በመካከላችን አኖርሁ። ከዚያ ያወጣሁትን ቫልቭ አሳየሁት።

"ይህ መጀመሪያ ሲገጠምም አሮጌ ነበር። ታጥቦ ነው።"

ሳቀ። "አንቺ ሴትዮ፣ ዓይንሽ አይጣል ነው። እኔ ነኝ ያጠብሁት። ስንቱን አጥቤ ካርቶኑ ውስጥ መልሻለሁ። አዲሱ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን፣ ገላባት ይሸጥ ነበር።"

"አውሮፕላን ላይ የሚገጠመውንም?"

"ታዲያ የሻይ ቤት ሬዲዮ መሰለሽ?"

"ችግር አልመጣብዎትም?"

"አንድ ጊዜ። አንዱ ወደቀ። ቴክኒሽያኑ ነው የቀየረው ብዬ መሰከርሁ፤ ወይ እሱ ወይ እኔ ነበርን። ያ መንግሥት እንደሁ ሄዷል፤ አሁን ማን ይጠይቀኛል?"

"የቴክኒሽያኑ ስም ማን ነበር?"

ጣሪያውን እያየ አሰበ። "ጠፋኝ። ቀጭን ልጅ ነበር።"

ቀጭን ነበር፤ እውነቱን ነው። ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አልሁ።

"አንዱአምላክ ነበር። ባሌ ነው። አቶ እንዳለው፣ ሰምተዋል።"

ማብሪያውን ወደ መቀበያ መለስሁት። ከዚያ ከየእርሻው ድምፅ ተደራረበ፤ የሚሳደብ አለ፣ ዝም በሉ የሚል አለ። የእንዳለው ድምፅ ሲመጣ ሌሎቹ ተዉለት።

"ባህሩ፣ ከዚያ እንዳትነቃነቅ። እየመጣሁ ነው።"

ባህሩ ተነሥቶ በመስኮት አየ። መኪናውን ሾፌሩ ሠራተኛ ሊያመጣበት ወስዶታል። ወደ እኔ ዞረ።

"እህቴ፣ አንቺ ለምኚልኝ። ከአንቺ በላይ የተበደለ የለም። አንቺ ይቅር ካልሽ እሱም ይላል።"

ይህም እውነት ነው። ዛሬ ብለምነው እንዳለው ይሰማኝ ነበር።

መሣሪያዬን ሰበሰብሁ። ሬዲዮው በትክክል መሥራቱን ደግሜ አየሁ፤ ሥራዬ ነው። ከዚያ ወንበሬን አውጥቼ መንገዱ በሚታይበት በር ላይ ተቀመጥሁ። ባህሩ ከኋላዬ ስሜን እየጠራ ይለምናል። ከሰሊጡ ማዶ አቧራ ተነሣ፤ የእንዳለው መኪና እየፈጠነ ነው።

መግቢያውን እንዳልዘጋበት ወንበሬን ወደ ጎን ሳብሁት።