ከቶኪዋ ቤት ያልወጣች ቃል

ሙናካታ ጌንዞ ያን ቀን ጠዋት እጁን ታጠበ፣ አደረቀ፣ እንደገና ታጠበ። የማረፊያ ቤቱ ውሃ ከፍልውሃው የተሳበ ስለሆነ ይፋጃል፤ እሱ ግን መዳፉ ፍም እስኪመስል ፈተገው። ዓሣ ከነካ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ቢሆንም የሽማግሌው ቶኪዋ ድምፅ ዛሬም ከጆሮው አልወጣም። «ይሄን የዓሣ አጥማጅ ልጅ ጠጠር ከመንካቱ በፊት እጁን አስታጥቡልኝ፤ ሰሌዳዬ ገበያ ገበያ ሸተተ!» ነበር ያለው፣ ቤቱ እንግዳ በሞላበት ቀን። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሽማግሌው ቶኪዋ መምህሩ ነበር። ጌንዞ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ከአኦሞሪ ባሕር ዳር ተነሥቶ ሾጊ የሚሉትን የጃፓን ቼዝ ሊማር ቤቱ ገባ። መማር ከተባለ ነው እንግዲህ፤ ወለል ወለወለ፣ የመታጠቢያውን እሳት አነደደ፣ ኋላም የመምህሩ ልጅ ሲወለድ እሱን አዘለ። ትምህርት ቤትማ መካከለኛውን ከጨረሰ በኋላ ደጃፉንም አላየው። ሌሊት ሌሊት፣ ቤቱ ሲተኛ፣ ብቻውን ሰሌዳ ላይ አፍጥጦ ነው ሰው የሆነው።

ሰው ሆኖም መምህሩን ገጠመ። በሃያ ስድስት ዓመቱ፣ በይፋ ውድድር። አሸነፈውም፤ የሽማግሌው ንጉሥ መሄጃ አጣ። በሾጊ ደንብ የተሸነፈ ሰው እጁን ሰሌዳው አጠገብ ባለችው የምርኮ ጠጠር ማስቀመጫ ላይ ያሳርፋል፣ ጎንበስ ይላል፣ «ተሸንፌአለሁ» ይላል። ጌታም ይሁን ሎሌ ይላታል። ሽማግሌው ቶኪዋ ግን አላላትም። «ሆዴን አመመኝ» ብሎ ተነሥቶ ወጣ፤ ሰዓቱ ባዶ መቀመጫ ፊት ቆጥሮ አለቀ። በማግስቱ ጋዜጣው «መምህር ቶኪዋ በሕመም ምክንያት አቋረጡ» አለ። ስለ ጌንዞ ያለው ነገር የለም። ከአራት ዓመት በኋላ ሽማግሌው ሞተ፤ ቃሏንም ይዟት ሄደ።

ዛሬ ከሰሌዳው ማዶ የሚቀመጠው ያ የታዘለው ልጅ ነው። ቶኪዋ ዩኪናሪ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ጋዜጠኛ የሚወደው፣ የ«ሰሜን ኮከብ» ማዕረግ ባለቤት። ከአምስቱ ጨዋታ ሁለት ሁለት ተካፍለዋል። የዛሬው ቁርጡን ይለያል። ጌንዞ አርባ ሰባት ሞልቶታል፤ ከእንግዲህ እዚህ ደረጃ እንደማይደርስ እሱም ያውቃል፣ ሌላውም ያውቃል።

ኮሪደሩ ላይ ጋዜጠኛው ካጂታኒ ጠበቀው።

«መምህር ሙናካታ፣ ዛሬም እንደ ልማድዎ ተቆጥተው ነው የተነሡት?»

«ተቆጥቼ ነው የተኛሁት። ያው ቀጠለ።»

«ካሸነፉ ምን ይላሉ?»

«እኔ ምን እላለሁ? የሚለው እሱ ነው። አፉን ከፍቶ፣ እኔ ፊት፣ ይላታል።»

ካጂታኒ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው።

ውጭ በረዶው ከመስኮቱ ግማሽ ደርሷል። ዩኪናሪ በላይኛው መቀመጫ ተቀምጦ ሳጥኑን ከፈተ፣ ጠጠሮቹን ሰሌዳው ላይ አፈሰሰ። ንጉሡን ቀድሞ የሚያነሣው በማዕረግ የሚበልጠው ነው፤ አነሣና ከመደርደሩ በፊት በሐር መሐረብ ጠረግ አደረገው። ትናንት ሰሌዳና ጠጠር ሲመረመር ጌንዞ ያንን ንጉሥ ነክቶት ነበር።

«ምነው፣ ሸተተህ?» አለ ጌንዞ በቀስታ።

«ምን አሉኝ?»

«ምንም። ደርድር።»

ከሰዓት ያዡ አጠገብ የተቀመጡት ዳኛው፣ አዛውንቱ ኢሶጋይ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጨዋታው ተጀመረ።

እስከ ምሳ ድረስ ሁለቱም እንደ ድመት ነበር የሚተያዩት። ጌንዞ ሰረገላውን ወደ መሐል አምጥቶ ከፊት ለፊት ሊገፋ አሰበ፤ ያረጀ፣ የገጠር ስልት ነው፣ ወጣቶቹ ይስቁበታል። ይሳቁ። ዩኪናሪ ንጉሡን ጥግ አስገብቶ በወርቅና በብር ሹሞች አጠረው፤ የአባቱ አጥር፣ ልክ የአባቱ። ጌንዞ ያንን አጥር በልቡ ያውቀዋል። ስንት ሌሊት ነው ያንን አጥር ለማፍረስ ብቻውን የማሰነው!

ምሳ ላይ የማረፊያ ቤቱ እመቤት በሩ ሥር ተንበርክካ ጠየቀችው።

«ጌታዬ ምን ይብሉ? መምህር ቶኪዋ ሩዝ በዓሣ አዘዋል።»

«ዓሣ የሌለበት ማንኛውንም ነገር።»

«ቀዝቃዛ ሶባ ላድርግልዎ? ግን… ማጥቀሻውም ከዓሣ ነው የሚወጣ።»

«እንግዲያው ፓስታውን ብቻ አምጪልኝ፣ በውሃ እውጠዋለሁ!»

ሴትዮዋ ልትስቅ ብላ ፊቱን አየችና ተወችው።

ከምሳ በኋላ ነገሩ ከረረ። በሾጊ ሞት የለም፤ ያለው ምርኮ ነው። የተማረከ ጠጠር ይገለበጥና ለማራኪው ያድራል፣ ትናንት ይጠብቀው የነበረውን ጌታ ዛሬ ይወጋዋል። ጌንዞ ይህን ጨዋታ የወደደው ለዚህ ነበር፤ ሎሌ ሆኖ የሚቀር የለበትም። አንድ ወታደር ሰዋ፣ ፈረስ ማረከ፣ ፈረሱን አጥሩ ራስ ላይ ተከለው። ዩኪናሪ ጆሮው ቀላ። ልጅ ሆኖ ሊያለቅስ ሲል እንዲሁ ነበር የሚቀላው፤ ጌንዞ ያውቃታል ያቺን ጆሮ፣ ትከሻው ላይ ነበረች።

ወደ ማታ የሁለቱም ሰዓት አለቀ። ከእንግዲህ ለአንድ እርምጃ የተሰጠው አንዲት ደቂቃ ናት፤ ሰዓት ያዡ ፊቱን ወደ ሰዓቱ አዙሮ ሴኮንዱን ጮክ ብሎ ይጠራል። አዛውንቱ ኢሶጋይ ሳላቸው ይዟቸው በመሐረብ አፋቸውን ሸፍነው ጎንበስ ብለዋል።

ጌንዞ ሰረገላውን አስገብቶ ንጉሡን አስፈራራ። ዩኪናሪ የማረከውን የብር ሹም አነሣ። የመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች እየተጠሩ ነበር። ከንጉሡ ጎን አሳረፈው። ጣቶቹ ለቀቁት። እጁ ተነሣ። ያኔ ነው ያየው፤ ብሩ የገዛ ንጉሡን ማምለጫ ዘግቷል። እጁ እንደ እባብ ተመልሳ ጠጠሩን ያዘችና ወደ ቀጣዩ ቤት ሸርተት አደረገችው።

ደንቡ አንድ ነው፤ ሕፃን ያውቀዋል። ጣት ከጠጠር ከለቀቀ እርምጃው አልቋል። መልሶ የነካ፣ እዚያው ላይ ተሸነፈ።

ሰዓት ያዡ ሰዓቱን ነው የሚያየው። ኢሶጋይ ይስላሉ። ያየው ጌንዞ ብቻ ነው። ዩኪናሪ ቀና አለ፤ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ልጁ የጌንዞን ዓይን አየ፣ እንዳየውም አወቀ፣ ከዚያ ወደ ሰሌዳው አቀረቀረ።

የጌንዞ ደም ፈላ። «ለቀኸዋል» ብሎ አንድ ቃል ቢተነፍስ አለቀ፤ ማዕረጉ የእሱ ነው። አፉን ከፍቶም ነበር። ግን ከዚያስ? ኢሶጋይ ተነሥተው «በደንብ ጥሰት» ይላሉ። ልጁ እንደ አባቱ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ልብሱን ሰብስቦ ይወጣል። ቃሏን ማንም አይጠይቀውም፤ በፍርድ የተሸነፈ ሰው እጅ አይሰጥም። ነገ ጋዜጣው «የዓሣ አጥማጁ ልጅ ከሶ አሸነፈ» ይላል። ደግመው ይስቃሉ፤ ያ ሁሉ እንግዳ፣ ሞቶም ቢሆን፣ ይስቃል።

የለም። አልከስም። አንቄ አወጣታለሁ ከጉሮሮህ! አለ በሆዱ።

ንዴት ግን ሾጊ አይችልም። እዚያ ላይ አንድ ወታደር ወደ ኋላ ጣል አድርጎ የራሱን ንጉሥ ቢከልል ነገሩ ያው የእሱ ነበር። አልከለለም። የሠላሳ ዓመት ነገር እጁን ይዞ ወደ ፊት ገፋው፤ የወርቅ ሹሙን አጥሩ ላይ አጋጨ፣ ሰረገላውን ሰዋ። ጠጠሩን ሰሌዳው ላይ ሲያሳርፍ እንጨት እንደሚፈልጥ ነበር። ዩኪናሪ አንዲት ቤት ሸሸ። ደግሞ ሸሸ። ከዚያ ጌንዞ የረሳውን የጦር ጠጠር ከዳር ላከው።

ጌንዞ ሰሌዳውን አየ። መንገድ የለም። ደግሞ አየ። የለም።

ሰዓት ያዡ ይጠራል። ጌንዞ ቀበቶውን አጠበቀ። እጁን ማስቀመጫዋ ላይ አሳረፈ፣ ጎንበስ አለ፣ በበሩ ማዶ የሚጠብቁት ሁሉ እንዲሰሙ አድርጎ ተናገረ።

«ተሸንፌአለሁ።»

እንዲህ ነው የሚባለው። ሰው ሲሆን እንዲህ ነው የሚባለው።

በሩ ተከፈተና ጋዜጠኞቹ ፎቶ እያነሡ ገቡ። ልማዱ ነው፤ ተጫዋቾቹ አይነሡም፤ ጨዋታውን ከመጀመሪያው አንሥተው የት እንደተሳሳቱ አብረው ይነጋገራሉ፣ የመጣው ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ ይሰማል። ዩኪናሪ በለስላሳ ድምፁ፣ በተማረ አንደበቱ፣ «እዚህ ላይ የመምህር ሙናካታ ፈረስ አስጨንቆኝ ነበር» እያለ ጠጠሮቹን ያንቀሳቅሳል። ያቺ እርምጃ ላይ ሲደርስ እጁ ፈጠነ። ብሩን በቀጥታ ሁለተኛው ቤት ላይ አስቀምጦ ወደ ቀጣዩ አለፈ።

«ቁም» አለ ጌንዞ።

«ምን አሉኝ?»

«ቁም አልኩህ። መልሰው።»

ራሱ ጌንዞ ብሩን አነሣ። ከንጉሡ ጎን አሳረፈው። ጣቶቹን አነሣ፤ ሁሉም እስኪያይ አየር ላይ አቆያቸው። ከዚያ መልሶ ያዘውና ወደ ቀጣዩ ቤት ሸርተት አደረገው።

ካጂታኒ እስክሪብቶውን አወረደ።

«ሙናካታ…» አሉ ኢሶጋይ። «አንተ ሰው፣ ምን ማለትህ ነው? እጅ ከተሰጠ በኋላ ክስ የለም። ውጤቱ የጸና ነው፤ ታውቃለህ።»

«ማን ከሰሰ? ማዕረጉን ጠየቅኩዎት? ይውሰደው! ይሄንን ልጅ ነው የምጠይቀው። እጅህ ለቆ ነበር ወይስ አልለቀቀም?»

ዩኪናሪ ጆሮው እሳት ሆነ።

«ለቆ ነበር።»

አንዱ ጋዜጠኛ «ኧረ!» ሲል ተሰማ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እርስዎ እንዲናገሩ ጠብቄ ነበር። አይተውኝ ዝም ሲሉ… ያለፉኝ መሰለኝ።»

«አለፉኝ ትላለህ! ባለቤቱ እስኪጮህ የሚጠብቅ ማን እንደሆነ ልንገርህ? ሌባ ነው! አባትህ እንኳ ሆዱን አሞት ነበር። አንተን ምንህን አመመህ?»

«ሙናካታ፣ በቃ!» አሉ ኢሶጋይ።

ልጁ ግን እጁን አንሥቶ ነበር። የምርኮ ጠጠሮቹ ላይ አሳረፈው፤ ጎንበስ አለ፣ ግንባሩ ሰሌዳውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ተሸንፌአለሁ፣ ጋሼ ጌን።»

እንዲያ ብሎ የጠራው በአምስት ዓመቱ፣ ጀርባው ላይ ሆኖ ነበር። ጌንዞ ጠበቀ። ሠላሳ ዓመት ያረረ አንጀት በዚህች ቃል ይርሳል ብሎ ነበር። ምንም። ቃሏ መጣች፣ እንደ ቀዘቀዘ ሾርባ፣ ሁሉ ከበላ በኋላ። ደግሞ ድምፁ የልጁ ነው፤ ፈሪ፣ ቀጭን፣ ያዘለው ልጅ ድምፅ። እሱ የፈለገው ሌላ ድምፅ ነበር፤ ያም አፈር ገብቶ አፉን ገጥሟል፣ አይከፍተውም። ይልቅ ያን ጊዜ፣ ሴኮንዱ ሲጠራ፣ ማዕረጉ እመዳፉ ላይ ነበር። የገዛ እጁ ነው የጣለው። ለዚህች!

«ሰማሁ» አለ ጌንዞ። «ቀና በል። እንግዲህ ፎቶህን ተነሣ።»

ተነሣ። በሩን ተደግፎ ወጣ፤ የደገፈውም አልነበረም። ኮሪደሩ ላይ እመቤቲቱ ተንበርክካ በሁለት እጇ ትኩስ ፎጣ ዘረጋችለት፤ ከጨዋታ ለወጣ ሰው ሁሉ እንዲሁ ታደርጋለች።

«ደከሙ ጌታዬ። እጅዎን ይጥረጉ።»

«እጄ ንጹሕ ነው።»

«ትኩስ ነው፣ ይሻልዎታል—»

«ንጹሕ ነው ብያለሁ!»

ጩኸቱ ክፍሉ ድረስ ገባ። ሴትዮዋ ፎጣውን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ጌንዞ ቀያይ መዳፎቹን ፊቷ ዘርግቶ፣ የሚያሸት ሰው የሚጠብቅ ይመስል፣ እዚያው ቆመ።