የመጨረሻው ተናጋሪ

ጉባኤ ማሰናዳት መተዳደሪያዬ ነው። ስንቱን እንግዳ ተቀብዬ ሸኝቻለሁ፤ «ለዕውቀት ነው የመጣሁት» የማይል የለም። እውነቱን ግን ሆዳቸው ያውቀዋል። አንዱ ከቤቱ ጭቅጭቅ ሊያርፍ ይመጣል፣ ሌላው ገበያ ሊወጣ፣ አንዳንዷም የድሮ የክፍል ጓደኛዋን ልታይ። አልፈርድባቸውም። አልጋው ከተመቸ፣ ቁርሱ ከሞቀ፣ የከተማ ጉብኝት ካለ፣ እየመረቁኝ ይሄዳሉ።

ጉብኝቱን የማደርገው በመጨረሻው ቀን ከሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የሚናገር ሰው ቢኖርም ለወንበሮቹ ነው የሚናገረው፤ የሚቀየም አላጋጠመኝም።

ባለፈው ጉባኤ ያ ሰዓት የደረሰው አንድ የጎርፍ መሐንዲስ ነበር። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ከተማ ሆኖ ሳለ ሆቴል ነው ያረፈው። አባቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። ልጃቸው መቀሱን ጥሎ ትምህርት ሲመርጥ «ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ» አሉት፤ እሱም እልኸኛ ነው፣ ሳይረግጥ ዓመታት ቆየ።

«እስቲ ጥሪ ላኪላቸው፤ ከመጡ መጡ ነው» አለኝ፣ እንደ ዋዛ። ከዚያ ግን ሁለቴ ተመልሶ «ላክሽላቸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

መጡ። ራሳቸው የሰፉትን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ተሳታፊዎቹን ጭኖ ከሚወጣው አውቶቡስ ጋር በር ላይ ተላለፉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ባዶውን አዳራሽ ዞር ዞር ብለው አይተው መሀል ላይ ተቀመጡ። ሰብሳቢው ሰዓቱን እያየ፣ «ዶክተር፣ ሰው ስለሌለ ጽሑፉን በመጽሔታችን ላይ እናውጣልዎ» አለ።

«እኔስ?» አሉ አባትየው። «እኔ ሰው አይደለሁም?»

ልጁ ሙሉውን ተናገረ፤ ስለ ቦይ፣ ስለ ተዳፋት፣ ስለ ዝናብ መጠን። አባትየው ብዙም የገባቸው አይመስለኝም፤ ዓይናቸውን ግን ከሱ ላይ አልነቀሉም። አንዴ ብቻ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል» አሉኝ።

ሰብሳቢው እንደ ልማዱ «ጥያቄ ያለው?» ሲል እጃቸውን አወጡ። ማይክሮፎኑን ወሰድኩላቸው።

«ይሄን ስትጨርስ ቤት አትመጣም?»

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «አባባ፣ ይቅርታ፣ ጥያቄው ከርዕሱ ውጪ ነው።»

«አይደለም» አለ ልጁ፣ ወረቀቱን እየሰበሰበ። «እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው።»