እናትነቷን የሚያውቅ ሰው

ልብስ ተኳሿ ባሏን በሰው አገር ቀብራ፣ የስምንት ዓመት ልጅ አስከትላ ወዳደገችበት ከተማ ከተመለሰች ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ልጅቷን እሷና ባሏ በጉዲፈቻ የወሰዷት በዚያው አገር ፍርድ ቤት ነበር፤ ያኔ ገና ዳዴ አትልም። ወረቀቱ ማኅተም በማኅተም ነው። እዚህ ግን ትምህርት ቤቱም መታወቂያ ክፍሉም፣ «የራሳችን ፍርድ ቤት ካላጸደቀው እናቷ መሆንሽን በምን እናውቃለን?» አሏት።

ወረቀቱን አስተርጉማ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ቀረበች። ጸሐፊው ቀና ሳይል ጠየቃት።

«ሥራ?»

«ተኳሽ።»

ብዕሩ ቆመ። «ምን ተኳሽ?»

«ልብስ ነዋ ወንድሜ። ካውያ እንጂ ጠመንጃ የለኝም።»

ጸሐፊው ከት ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከልጇ ሌላ ከሰው ጋር የሳቀችበትን ቀን ለማስታወስ ሞክራ አቃታት።

«ለቀጠሮሽ አንድ ምስክር ይዘሽ ነይ» አላት። «እዚህ እንደ እናትና ልጅ ስትኖሩ የሚያውቅ ሰው። ዳኛዋ ያንን ሳይሰሙ አይወስኑም።»

ማንን? እናት አባቷ ሞተዋል። የልጅነት ጓደኞቿ እንደ ጨው ዘር ተበትነዋል። የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ባለቤት ልጅ እንዳላት እንኳ አያውቅም። የቀራት የሥጋ ዘመድ ታላቅ ወንድሟ ብቻ ነው፤ እሁድ ከሰዓት ልጅቷን ይዛ ሄደች።

«ያኔም ነግሬሻለሁ» አላት በሩን ይዞ እንደቆመ። «የሰው ወርቅ አያደምቅም። ነገ ክንፍ ስታወጣ ጥላሽ ትበራለች። እኔ ባላመንኩበት ነገር አልምልም።»

«ጋሼ፣ እሷን ተዋት። እኔን እህትህን እመነኝ።»

«አንቺንማ አምናለሁ» አለና ዓይኑን ሰበረ። በሩንም ቀስ ብሎ ዘጋው።

ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃት ነበር። «አጎቴ የለም እንዴ?»

«ሥራ በዝቶበት ነው» አለችና እጇን ይዛ አስነሳቻት።

ከቀጠሮው በፊት በነበረው ቀን ቸግሯት ከእነሱ ክፍል በታች ምድር ቤት የምትኖረውን ክር ሻጭ በር አንኳኳች። ሴትዮዋ ሸምገል ያለች ብቸኛ ሰው ናት። ልጅቷ ገመድ ስትዘል ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ከመደብደብ በቀር በሰባት ወር ውስጥ አንድም ቀን አነጋግራቸው አታውቅም። ተኳሿ እየተንተባተበች ነገሯን ጨረሰች።

«በስንት ሰዓት ነው?»

«በሦስት ሰዓት፣ እትዬ።»

«እሺ፣ ሱቄን እዘጋለኋ» አለችና በሩን መለሰችው።

በማግስቱ ችሎት ላይ ዳኛዋ ክር ሻጯን ካስማሉ በኋላ ጠየቁ። «ቤታቸው ገብተው ያውቃሉ?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ታዲያ በምን ያውቋቸዋል?»

«ጣሪያዬ ስስ ነው፣ ክብርት ዳኛ። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን ስትሠራት ልጅቱ ትጮሃለች፣ እናትየው ትቆጣለች፣ ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። ባለፈው ሳል የያዛት ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ የእናትየው እግር ቁጭ አላለም። ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ! እኔም እንቅልፍ አጣሁ። የእናት እግር ነው ብዬ ቻልኩት እንጂ። እንዳልወለደቻት ትናንት በሬ ላይ ነው የሰማሁ።»

ተኳሿ አቀረቀረች። ሰው የለኝም ብላ በተቀመጠችበት ሰባት ወር፣ ከእግሯ ሥር የሚያዳምጣት ሰው ነበር።

ከእረፍት በኋላ ዳኛዋ ውሳኔውን አነበቡ። የውጭው ፍርድ ጸድቋል፤ ልጅቷ የአመልካችና የሟች ባለቤቷ ልጅ ናት። ባሏ በዚህ ከተማ በአደባባይ አባት ሲባል የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። አጠገቧ ያለው ወንበር ግን ባዶ ነው።

ክር ሻጯን ለማመስገን ሮጣ ብትወጣ ሴትዮዋ ደረጃውን አጋምሳለች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ! ትንሽ አረፍ ብንል...»

«ደንበኛ ይጠብቀኛል» አለች ሳትዞር፤ ወረደች።

የውሳኔው ግልባጭ እስኪሰጣቸው እናትና ልጅ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። ተኳሿ ስልኳን አወጣች። ከላይ የባሏ ቁጥር አለ፤ አላጠፋችውም። ቀጥሎ የወንድሟ። ከዚያ የአሠሪዋ። ጣቷ ወርዶ ወርዶ ስሞቹ አለቁ።

«ለማን እንንገር?» አለች ልጅቷ።

«እስኪ ለኔ ንገሪኝ።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «አጸደቁልን።»

«እሰይ!» አለች ተኳሿ፤ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። ጸሐፊው ስማቸውን ሲጠራ ግልባጩን ተቀብላ፣ ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ ለመድረስ የልጇን እጅ ይዛ ወጣች።