የላይኛው ፎቅ ሽታ

ዕድሜውን ሙሉ ወለል ሲያነጥፍ የኖረውን ሰውዬ ሁሉም «ውሃ ልክ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ ያቺን ውስጧ አረፋ የሚዋልልባትን መለኪያ ከእጁ ስለማይለያት። ሰው ቤት ተጋብዞ እንኳ ጠረጴዛው ወደ አንድ ጎን ማጋደሉን ሳይናገር አይቀመጥም። እንዲህ ያለ ሰው ሲታመም ደግሞ ለቤተሰቡ መከራ ነው። ሐኪሞቹ የታመመ አንጀቱን ቆርጠው ጫፉን በግራ ሆዱ በኩል አወጡለትና ላዩ ላይ ከረጢት ለጠፉበት። ከሰመመኑ ነቅቶ ነገሩ ሲነገረው መጀመሪያ የጠየቀው «ለምን መሃል ላይ አላደረጋችሁትም?» ብሎ ነው።

ነርሷ ታጋሽ ሴት ነበረች። ከረጢቱን የሚይዘው ቆዳ ላይ የሚጣበቅ ክብ ተለጣፊ መሆኑን በእጇ እያገላበጠች አሳየችው።

«አባባ፣ ቆዳውን ለብ ባለ ውሃ ብቻ ይጠቡት፤ እንዳይፈትጉት። ደግሞ በደንብ ይድረቅ። ሲለጥፉት ቀጥ ብለው ቆመው ብቻ አይለኩ። ቁጭ ይበሉ፣ ጎንበስ ይበሉ፣ ሆድዎ የት ጋ እንደሚታጠፍ ይዩት። የታጠፈውን ቦታ በዚህች ሊጥ በምትመስል ማጣበቂያ ይሙሉት፤ ከዚያ መዳፍዎን ጭነው እስኪሞቅ ይጠብቁ።»

«እሺ ልጄ» አለ ውሃ ልክ። በልቡ ግን «ስለ መለጠፍ ለኔ ነው የምትነግሪኝ?» እያለ ነበር። ግማሹን ከተማ የለጠፈ እጅ ይዞ የነርስ ምክር መስማት ክብሩን ነካው።

ቤቱ ሲገባ በራሱ መንገድ ተያያዘው። በሱ ሥራ የለሰለሰ ግድግዳ ላይ ሴራሚክ አይይዝም፤ ግድግዳው መጀመሪያ በመሮ ተቆርቁሮ መሻከር አለበት። ስለዚህ ሻካራ ጨርቅ አምጥቶ የሆዱን ቆዳ ቲማቲም እስኪመስል ፈተገው። ቀጥሎ መስተዋት ፊት ቀጥ ብሎ ቆመና ትንፋሹን ስቦ ሆዱን ጠረጴዛ አስመሰለው። ተለጣፊውን አስቀመጠ፣ ተጫነው፣ ዳር ዳሩን በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረገው። ባለቤቱ ውሃ ልኳን ሳይቀር አስጠግቶ ሲያይ በዓይኔ አይቻለሁ ብላ ትምላለች፤ እሱ ይክዳል።

ቤት ውስጥ ተለጣፊው ያዘ። ቢቀመጥ፣ ቢሄድ፣ ደረጃ ቢወጣ ምንም አልሆነም። ውሃ ልክ ደረቱን ነፋ።

«ነገ ሥራ እገባለሁ» አላት ባለቤቱን። «ግን ልንገርሽ፤ ይሄ ነገር ሰው ፊት አንዴ ከተላቀቀብኝ በቃኝ። መዶሻዬን አስቀምጣለሁ።»

ባለቤቱ ከበሽታው ይበልጥ የፈራችው ይህንን ነው። ሥራ የፈታ ውሃ ልክ ቀኑን ሙሉ ቤት ሲውል፣ የእያንዳንዱን በርና መስኮት ጥመት ሲነግራት ታያት።

ሥራው አዲስ ሕንፃ ላይ ነው። ፎርማኑ አክብሮት የላይኛውን ፎቅ መታጠቢያ ቤት ሰጠው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ በር ገና አልተገጠመለትም፤ ሠራተኞቹ ከሚጠቀሙበት ጎረቤት ሽንት ቤት የሚመጣው የፍሳሽ ቧንቧ ከወለሉ ሥር ያልፋል። ውሃ ልክ የዕቃ ቀበቶውን እንደ ልማዱ ሆዱ ላይ ጥርቅም አድርጎ ታጠቀና ተንበረከከ። ቆሞ ወለል የሚያነጥፍ ሰው የለም። መስተዋት ፊት ጠረጴዛ የነበረው ሆድ እዚህ ለሁለት ታጠፈ፤ የተፈተገው ቆዳ በላብ ራሰ፤ ቀበቶው ከላይ ከረጢቱን ወደ ታች ይጫናል። ያም ሆኖ ወለሉን እስከ በሩ ድረስ አነጠፈው፤ አረፋዋ ከመሃል ንቅንቅ አላለችም። የመጨረሻዋን ሴራሚክ በጎማ መዶሻው ጠፍ ሲያደርግ ሆዱ ላይ ሙቀት ተሰማው። ሙቀቱ ወደ ታች ወረደ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ጃኬቱን ጎትቶ ሆዱን ሸፈነና ቀስ ብሎ ሊወጣ ሲነሳ ቧንቧ ሠራተኛው እያፏጨ ገባ። ይሄ ሰው የገጠመው ቧንቧ ሁሉ ጠብ እንደማይል በልጆቹ ስም የሚምል፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። አሁን ግን ፉጨቱን አቋረጠ። አፍንጫውን ወደ ጣሪያው፣ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ወለሉ አዞረ። ከኋላው ፎርማኑ ደረሰ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አለ ፎርማኑ።

ፎርማኑ ወደ ቧንቧ ሠራተኛው ዞረ።

«አንተ ነህ! የፍሳሹን ቧንቧ በቅጡ አላጠበቅከውም!»

«ልጆቼን ይንሳኝ! በዚህ እጄ ነው ያጠበቅኩት!»

«ልጆችህን ተዋቸው! ባለፈውም ታች ፎቅ ላይ እንዲሁ ምለህ ቧንቧው አፍስሷል። ወለሉ ይሰበር፤ ቧንቧው ሲያፈስ ካገኘሁት ዛሬውኑ ዕቃህን ሸክፈህ ትወጣለህ።» ከዚያ ድምፁን ለስለስ አድርጎ ወደ ውሃ ልክ ዞረ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፤ ድካምዎ ገደል ገባ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ እርስዎ ቢያነሱት ይሻላል።»

እውነቱን መናገር ካስፈለገ ውሃ ልክ ዝም ሊል ነበር። መሮውንና መዶሻውን አነሳ፤ የመሮውን ጫፍ በሁለት ሴራሚኮች መሃል ሰካ። ወለሉ ይሰበራል፣ አቧራው ይነሳል፣ እሱ በግርግሩ ይወጣል፤ ማንም ምንም አያውቅም። ቧንቧው ደህና ሆኖ ቢገኝም በዚያ መዶሻ መሃል አንድ ቦታ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ስንጥቁ ደግሞ ቧንቧ ሠራተኛውን ጥፋተኛ ያደርገዋል። ቧንቧ ሠራተኛው ግድግዳው ሥር ኩርምት ብሎ «በዚህ እጄ ነው፣ በዚህ እጄ ነው» እያለ መዳፉን ያያል። ውሃ ልክ ያንን መዳፍ ባያይ ኖሮ መዶሻውን ያሳርፍ ነበር።

መዶሻውን መሬት አስቀመጠ።

«ቧንቧው ደህና ነው። እኔ ነኝ።»

«ምን እርስዎ?»

ጃኬቱን ከፈተ። ፎርማኑ አየና ቶሎ ብሎ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። አፉን የከፈተው ቧንቧ ሠራተኛው ነው።

«ታዲያ ቀድመህ አትናገርም! ልቤን ልታቆማት ነበር እኮ!»

ይህንን ብሎ ወጣና በባልዲ ውሃ አመጣ። የሲሚንቶ መሸፈኛ ላስቲክ አምጥቶ በር በሌለው በር ላይ ሰቀለ፤ ራሱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ማንም እንዳይመጣ ዘበኛ ሆነ። ፎርማኑ ከላስቲኩ ውጭ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ለጊዜው ይረፉ። ሌላውን... እናያለን።»

«እናያለን» የሚባለው ምን ማለት እንደሆነ ውሃ ልክ ያውቃል። ለስንቱ ሲባል ሰምቷል።

ቤቱ ገብቶ መዶሻውን አልጋ ሥር ወረወረው። ባለቤቱ ነገሩን ሁሉ ከሰማች በኋላ አላባበለችውም፤ ተቆጣች።

«ነርሷ ምን ነበር ያለችህ?»

«ብዙ ነገር አለች።»

«አትፈትገው አላለችህም? ጎንበስ ብለህ ለካ አላለችህም? አንተ ሰውዬ፣ ግድግዳ ነህ እንዴ?»

ውሃ ልክ ግድግዳ አለመሆኑን እስከዚያ ቀን በደንብ አላሰበበትም ነበር።

ቆዳው እስኪድን ነርሷ የሰጠችውን ዱቄት እየነሰነሱ ቀናት አለፉ። ቀዩ ሲጠፋ ባለቤቱ መዶሻውን ከአልጋው ሥር አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«በል ተንበርከክ። ሥራ ላይ እንደምትሆነው ሁን።»

ሸሚዙን አውልቆ መኝታ ቤቱ መሃል ተንበረከከ፤ የሌለ ሴራሚክ ሊመታ ጎንበስ አለ። ሆዱ ተለጣፊው ከሚያርፍበት ቦታ አጠገብ ታጠፈ፤ ትንሽ ቦይ ሠራ። ሚስቱ ቦዩ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን በእስክሪብቶ ምልክት አደረገች። ቀና ሲል ቦዩ ጠፋ፤ ምልክቱ ቀረ። ለብ ባለ ውሃ አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ቦዩን በማጣበቂያው ሞላችው፤ ተለጣፊውን ከላይ አሳረፈች። ከዚያ መዳፏን ጫነችበት።

«አትነቃነቅ፤ ይሙቅ።»

ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ እዚያ ቦታ አስነክቷት አያውቅም። መብራት አጥፍቶ ነበር የሚለብሰው። አሁን በጠራራ ፀሐይ መዳፏ ሆዱ ላይ ነው። መጀመሪያ አፈረ፤ ቆይቶ ማፈሩን ረሳው፤ ከዚያ ደስ አለው። ተለጣፊው ከሞቀ በኋላም እጇን አንሺ አላላትም።

በሆዱ ዙሪያ ከረጢቱን ደግፎ የሚይዝ ስስ ቀበቶ ታጠቀ። የዕቃው ቀበቶ ቀረና መሮና መዶሻው በትከሻ ቦርሳ ገቡ። ያን ቀን መኝታ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ በጉልበቱ ሲዞር ዋለ። ሚስቱ ስታልፍ ስታገድም «ወለሌን እንዳታበላሸው» ትለዋለች። ተለጣፊው ንቅንቅ አላለም።

በማግስቱ ሥራ ሲመለስ ፎርማኑ «እናያለን» ያለውን ረስቶ ነው ወይስ የሱን ያህል የሚያነጥፍ ሰው አጥቶ፣ ተቀበለው። ውሃ ልክ የቀሩትን ክፍሎች በጉልበቱ እየተሳበ ጨረሰ። ቧንቧ ሠራተኛው ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ውሃ ልክ፣ እንዴት ነው፣ ጠብቋል ወይስ ጠብ ይላል?» እያለ ይቀልዳል። ይሄ ቀልድ አያስከፋውም፤ የሚያስከፋው የሌሎቹ ዝምታ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት፣ ውሃ ልክ የሴራሚኮቹን ክፍተት ሊደፍን ጎንበስ ባለበት፣ የላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት እንደገና ሸተተ።

ዛሬ ማንም «ምንድን ነው የሚሸተው?» አላለም። ፎርማኑ ሳል አስመስሎ መስኮቱን ከፈተ። ቧንቧ ሠራተኛው ሳይጠየቅ ላስቲኩን በሩ ላይ ሰቀለ፤ ባልዲ ውሃ አስቀመጠ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ማፏጨት ጀመረ። እንዲህ ዓይነት ደግነት ከስድብ ይከብዳል። ለውሃ ልክ ሁሉም ነገር አለቀ፤ መዶሻው ዛሬ ወደ አልጋው ሥር ይመለሳል።

ከላስቲኩ ጀርባ ገብቶ ሸሚዙን ገለጠ። ደረቅ ነው። ዳሩን በጣቱ ዞረ፤ አንድም የተነሳ ቦታ የለም። በጥፍሩ ሊያነሳው ሞከረ፤ እምቢ አለው። አሸተተ። የሳሙና ሽታ ብቻ ነው። ደጋግሞ ጎንበስ ቀና አለና ላስቲኩን ገፍቶ፣ ሸሚዙን እስከ ደረቱ ሰብስቦ ወጣ።

«የኔ አይደለም!»

«ግድ የለም ጋሼ» አለ ፎርማኑ መሬት መሬት እያየ። «ምንም ማለት አይደለም። በሰው ላይ የሚደርስ ነው።»

«የኔ አይደለም እኮ ነው የምልህ! ናማ እይ። ቅረብ!»

ፎርማኑ የግዱን አጎንብሶ አየ። ቀና ሲል ዓይኑ ሌላ ሰው ፍለጋ ሄደ። ፉጨቱ ቆመ።

«ልጆቼን ይን...» ብሎ ጀመረ ቧንቧ ሠራተኛው።

«አትማል!» አለው ውሃ ልክ።

መሃል ላይ ያለችውን፣ በዕድሜው ካነጠፋቸው ሁሉ ቀጥ ያለችውን ሴራሚክ መረጠና በመዶሻ ከሰከሳት። ሁለተኛዋን አስከተለ። በገዛ እጁ የሠራውን እያፈረሰ እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም። ሥሩ ያለው አሸዋ ረጥቧል፤ ቧንቧው መጋጠሚያው ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ቧንቧ ሠራተኛው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ፎርማኑ ፊቱ ጠቆረ፤ አፉን ከፈተ።

ውሃ ልክ ቀደመው።

«አሁን ምን ነበር ያልከኝ? በሰው ላይ የሚደርስ ነው አላልክም? ይሄስ ሰው አይደለም እንዴ?»

ፎርማኑ ጎንበስ ብሎ የተሰበሩትን ሴራሚኮች ማንሳት ጀመረ። ውሃ ልክ ሸሚዙን ወደ ሱሪው ከትቶ ባልዲውን በእግሩ ወደ ቧንቧ ሠራተኛው ገፋ አደረገለት።

«በል ና ተንበርከክ። መጀመሪያ በደንብ ይድረቅ። እንዳትፈትገው ደግሞ።»